የቀኝ አውራ ጣት

ያኔ ታይፒስት ነበርኩ፤ ጅማ፣ ፍርድ ቤት፣ ከፎቁ ላይ፣
በመስኮቴ አዌቱ ጭቃ ለብሶ ሲያልፍ የማይ።
ሰባት ገጽ ፍርድ መጣልኝ፤ ሦስት ቦታ ተሳሳትኩ፣
ሦስቱንም በነጭ ቀለም ሸፈንኩ።
አራተኛውን ስሕተት ግን ስሕተት መሆኑን አላወቅሁ።
(ፍርዱ በኦሮምኛ ነበር፤ ኑዛዜዬ ግን በአማርኛ፣
በእናቴ ቋንቋ፤ በእሷ መዋሸት አይሆንልኝምና።)

ተከሳሽ፦ ነዚፍ አባ ቡልጉ፤ ሥራ፦ በርጩማ ጠራቢ።
ወንጀል፦ ሐምሌ አሥራ አራት ሌሊት፣ መንደራ፣ ነፍስ ማጥፋት።
አሥራ ስምንት ዓመት ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይበቃል፤ አንድና ስምንት።
መታኋቸው። ከዚያ ምሳ ወጣሁ፤ በሰዓቱ።
የወጡ ጨው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤
አይለኝም የሰውዬው ፊቱ።

ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አልሆነልኝም።
ቆጪ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል አለች፤ ታፔላ እንኳ የላትም፤
ገንዘብ ለሌለው የሚሟገቱባት፤ ሂንዲያ የምትባል ጠበቃ፣
ሁለት የሕግ ተማሪዎች፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከሥሩ ባልዲ፤ በቃ።
«መተየብ እችላለሁ» አልኳት።
«ደሞዝ የለንም» አለች፤ «ባልዲውን የሚደፋ ሰው ግን አጥተናል፤ ግቢ።»
መዝገብ ሰጠችኝ፤ ገለጥኩት፤
ጅራቷ የተሰበረች «ኤ»፣ የጽሕፈት መኪናዬ ምልክት፣
ከገጹ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ሸሸኋት እህት።

ነዚፍ ሁለት ጊዜ የይቅርታ ፎርም መጥቶለት ነበር፤
«ጥፋቴን አምኜ፣ ተጸጽቼ» ይላል፤ ከሥሩ የመፈረሚያ መስመር።
«ባልበላሁት ዕዳ ታሰርኩ፤ ደግሞ በልቻለሁ ብዬ ልውጣ?»
አለና መለሰው ወረቀቱን፣ እንደነጣ።
በዚያው ጥቅምት እናቱ ሞተች።
ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይቀብራት ነበር።

ሂንዲያ ናት ያየችው። በእምነት ቃሉ ግርጌ፣ ሐምሌ አሥራ አምስት፣
የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ዋንዛ ግንድ ቀለበት።
የእሱን ጣት አየች ደግሞ፣ በወህኒው ሽቦ አሻግራ፤
ከጥፍሩ እስከ አንጓው የወረደ ጠባሳ፣ የመሮ ሥራ።
«መቼ?»
«ያን ማታ። ሆስፒታል አምስት ቦታ ሰፉኝ፣ አሸጉልኝ።
ተናግሬ ነበር፤ ማን ሰማ?»

አሮጌው የካርድ ክፍል፤ አይጥ የቦረቦረው፣ ከሰው ቁመት የሚያልፍ የድሃ ሕመም ክምር፤
ተማሪው ሶሬሳ፣ ፎጣ አፉ ላይ አስሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሲቆፍር፣
አንድ ሐሙስ ጮኸ።
ሐምሌ አሥራ አራት፤ ከሌሊቱ ሰባት፤ ቀኝ አውራ ጣት፤ አምስት ስፌት፤
ልክ መንደራ ላይ ያ ሰው በወደቀበት ሰዓት።
ታዲያ ያ ጥርት ያለ አሻራ የማን ጣት ነው?
እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጣት ያለው ሁሉ ዝም እንዳለ ነው።

አቤቱታውን እኔ ተየብኩ። ሦስት ቦታ ተሳሳትኩ፣
ሦስቴ ወረቀቱን ቀድጄ ሦስቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።
ሰበር ነው የችሎቱ ስም፤ እስኪሰብር አራት ክረምት ፈጀ፤
ባልዲው ዛገ፤ ሶሬሳ ተመረቀ፤ መዝገቡ አረጀ።

የወጣ ቀን ባጃጅ ይዘን ከወህኒው ደጅ ቆምን።
ባጃጅ በር የለውም፤
እሱ ግን እስኪከፈትለት ጠበቀ።
ፍርድ ቤቱ «ነጻ» ብሎታል፤ ቃሉ ትክክል ነው፤
አሥራ ሦስት ዓመት ተኩል፣ በነጻ ነው።
ሂንዲያ አልጋ ተከራየችለት፤ ሐኪም፣ መሮ፣ መጋዝ፣ መታወቂያ፤
ቀበሌው «የት ነበርክ?» አለው፤ ፎርሙ ላይ ለዚያ የለም መጻፊያ።

አንድ ዝናባም ማክሰኞ ቢሮ መጣ፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን።
«ፍርድህን የተየብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።
ጣቶቼን አየ፣ አንድ በአንድ፣ እንደሚቆጥር።
ብዙ ቆየ። ከዚያ፣
«እትዬ፣ ባልዲው ሞልቷል» አለኝ።

ተነሥቼ ደፋሁት።